ስንዴ የሚያክሉ ወታደሮች

ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ይህንን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ ወጉ መሃል ላይ ስትደርሱ ባለቤቴን ወይም ምስር ሻጯን መጠርጠራችሁ ስለማይቀር ነው። እነሱ ንጹሐን ናቸው። ሰፌዱም ንጹሕ ነው።

ሥራዬ ሰሌዳ መጻፍ ነው። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስትጠብቁ ቀና ካላችሁ፣ ከምታነቡት ግማሹ የእኔ እጅ ነው። የሥጋ ቤቱ በሬ የእኔ ነው። የጎሚስታው ጎማ የእኔ ነው። የፀጉር ቤቷም ቆንጆ የእኔ ናት፤ አንገቷ ትንሽ የረዘመው ግድግዳው ስለተረፈኝ ነው። አየር ጤና ድረስ ተጠርቼ የጋራዥ በር ቀብቻለሁ። የራሴ ሱቅ ላይ ደግሞ «ማንኛውንም ዓይነት ቅብ በጥራት እንሠራለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅያለሁ። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ «እንሠራለን» ያልኩት ለክብር ነው። «ማንኛውንም» የምትለዋን ግን በቀይ፣ ከሌሎቹ አንድ ስንዝር አስበልጬ ጻፍኳት። መዘዙ የመጣው ከእሷ ነው።

ጋሽ ሽኩር ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል፤ ሰባተኛ ክፍል እኔንም አስተምረውኛል። ጦርነት ሲያስተምሩ ጠረጴዛቸው ላይ እህል ያሰልፉ ነበር። እግረኛው ምስር፣ ፈረሰኛው ባቄላ፣ መድፉ ሽምብራ። ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛውን ከቦ ቆሞ፣ ምስሩ በግራ በኩል ዞሮ ባቄላውን ሲቆርጠው ትንፋሽ አይሰማም። አንድ ቀን ሽምብራው የተቆላ ሆኖ ስላገኘነው፣ ከኋላ የቆምነው መድፉን በልተን ጦርነቱ ሳያልቅ ተበትኗል። ማን እንደጀመረው እስካሁን አልተናዘዝኩም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ከቻይና ዕቃ የሚያመጣ የወንድማቸው ልጅ «ምን ላምጣልዎት?» ቢላቸው፣ ሌላው ሰው ጃኬት ወይም ስልክ በሚልበት ቦታ እሳቸው ወታደር አሉ። መጣላቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረ የፈረንሳይ እግረኛ ጦር፣ ዘጠና ስድስት ሰው፣ ከሳሙና ካርቶን በማትበልጥ ሣጥን ውስጥ። ከቆርቆሮ የተሠሩ፣ ያልተቀቡ፣ ግራጫ ናቸው። የአንዱ ቁመት ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም፤ እዚያች ውስጥ ግን ባርኔጣ አለ፣ የጀርባ ቦርሳ አለ፣ ጠመንጃ አለ። እንዲህ ያሉትን ቀብተው፣ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ የሉዶ ጠጠር እየወረወሩ የድሮ ጦርነት እንደገና የሚዋጉ ትልልቅ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ ብለው ነገሩኝ። እኔም ሳቅኩ። የሚስቅ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም።

የሚቀባቸው ሰው ግን አልተገኘም። የጋሽ ሽኩርን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዶት፣ ሰው የሚያውቁት በድምፁ ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሦስት ሳምንት ተቀጥሮላቸዋል።

«ኢንሻአላህ ዓይኔ ሲገለጥ» አሉኝ አንድ ቀን ከሰዓት በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ «መጀመሪያ ማየት የምፈልገው የፈትያን ፊት ነው። ቀጥሎ እነዚህን፣ ተቀብተው። ዕድሜ ልኬን ምስር ሳሰልፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ልብሱን ለብሶ የቆመ ጦር አላየሁም። እንዲህ ያለ ነገር የሚችል ሰው ታውቃለህ?»

ሰው ታውቃለህ ነው ያሉት። ቀባልኝ አላሉም። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ «ጋሼ፣ ሰሌዳዬን አላነበቡትም እንዴ?» አልኳቸው።

ዓይኑ ለተጋረደ ሰው የሚባል አልነበረም። ወዲያው አፈርኩ። ያፈርኩበትን ለመሸፈን ደግሞ «በሁለት ቀን አደርስልዎታለሁ» አልኩ። ጠባዬ ይህ ነው፤ አንዱን እፍረት የምሸፍነው ከእሱ በሚብስ ሌላ ነገር ነው።

ልጃቸው ፈትያ ሣጥኑን ስታቀብለኝ አንዲት ወረቀት ጨመረችልኝ። «አባዬ እየነገረኝ የጻፍኩት ነው፤ አቀባባቸውን» አለች። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኳት። ሰሌዳ ጸሐፊ መመሪያ ይጽፋል እንጂ አያነብም። በዚህ ሰፈር «እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን በስንት አጥር ላይ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?

ቤት ገብቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። ወታደሮቹ አራት አራት ሆነው፣ በአንድ ቀጭን መቆሚያ ላይ ተያይዘው ቆመዋል፤ ፌርማታ ላይ የተሰለፈ ሰው ይመስላሉ። ፋብሪካው ቆርጦ መጨረስ ሰንፎ የተወው መሰለኝ። ፒንሳ አምጥቼ አንድ በአንድ ነጣጠልኳቸው። ስድስቱ በዚሁ እግራቸውን አጡ። ገና ጦር ሜዳ ሳይደርሱ ቁስለኛ አደረግኳቸው ማለት ነው።

ቀጥሎ ቀለም። ለእኔ ትንሽ ማለት የስልክ ቁጥር ነው። ስልክ ቁጥር የምጽፍበትን ፔኔሎ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ውስጥ ነክሬ የመጀመሪያውን ሰው ነካሁት። ሰውየው ጠፋ። በቆመበት አንድ ሰማያዊ ጠብታ ቀረ። በቀለም ማቅጠኛ አጥቤ ላወጣው ስል ጭራሽ ከጠረጴዛው ጠፋ፤ ብዙ ከተፈለገ በኋላ አውራ ጣቴ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ፔኔሎዬን በመቀስ ከርክሜ ሦስት ፀጉር አስቀረሁለት። አሁን ደግሞ ሰማያዊው ኮት ላይ ነጩ ሱሪ ወጣበት፣ ነጩ ላይ ጥቁሩ ጫማ ወጣበት፤ እሱን ለማስተካከል ደገምኩት፣ ሠለስኩት። አርባ ስምንቱን ስጨርስ የለበሱት ኮት ሳይሆን ብርድ ልብስ ነበር። አፍንጫ የሚባል ነገር የላቸውም። ጠመንጃውና እጁ አንድ ሆነዋል።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ዓይን ቀራቸው ብዬ አሰብኩ። ሰው ያለ ዓይን ሰው ይባላል? የሥጋ ቤቱ በሬ እንኳ ዓይን አለው። በመርፌ ጫፍ ነጭ ነጥብ፣ በነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ አደረግኩላቸው። የነጥቡ ስፋት የፊቱን ስፋት በለጠው። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ስመለከት አርባ ስምንት ሰው አፍጥጦብኛል። የሆነ ክፉ ወሬ ሰምተው የደነገጡ፣ ወሬውን የነገርኳቸውም እኔ የሆንኩ ይመስላሉ።

ወረቀቷ ያኔ ትዝ አለችኝ። ከኪሴ አውጥቼ አነበብኳት። «አትነጥላቸው፤ እንደተያያዙ ነው የሚቀቡት። ቀለሙ እንደ ውኃ ይቅጠን። ዓይን አያስፈልግም። እጅህን ዘርግተህ ይዘህ የማይታይህን ነገር አትቀባ።» ከዚህ በላይ ነገር አልነበረባትም። አንብቦ ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ይፈጃል።

ያልተቀቡትን አርባ ስምንት ሰዎች እንዳይጠፉ ብዬ ሰፌድ ላይ አድርጌ ማድ ቤት መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳቸው። እንዳይጠፉ ብዬ ነው።

ጾም ስለነበር ባለቤቴ ጥሩነሽ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ኪሎ ድፍን ምስር ልትለቅም ተቀመጠች። ምስሩን ሰፌዱ ላይ ስትገለብጥ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ ከእኅቷ ጋር እያወራች ነበር። ጥሩነሽ ስልክ ስታወራ ሰፌዱ ላይ ያለው ቀርቶ ቤት ውስጥ ያለውም አይታያትም። ለቀመች። ድንጋዩ በዛባት። «እሰይ፣ የዛሬውስ ምስር ነው ወይስ ኮብልስቶን?» እያለች ለእኅቷ እየነገረች ድንጋዩን በሲኒ ማስቀመጫ ሰበሰበች፤ ምስሩን ጣሳ ውስጥ ከተተች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ድንጋዩን ይዛ ኮልፌ ገበያ ወደ ሸጠችላት ሴትዮ ሄደች። ጥሩነሽ ተታለልኩ ብላ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

ለምሳ ስገባ ሰፌዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤት ጠይቄ ወዴት እንደሄደች ስሰማ እየሮጥኩ ተከተልኳት። ስደርስ ነገሩ ከሮ፣ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ምስር ሻጯ በጆንያዎቿ መሃል እንደተቀመጠች «ድንጋዩን» መዳፏ ላይ አፍስሳ ወደ ዓይኗ አስጠግታዋለች። አገላበጠችው። ከዚያ ቀና አለች።

«እኅቴ» አለች ረጋ ብላ፣ «እኔ ድንጋይ ቀላቅዬ ከሆነ ይድፋኝ። ይሄ ድንጋይ ግን ጠመንጃ ይዟል።»

ሽንኩርት ሻጩ መጥቶ አየ። ተሸካሚዎቹም ሸክማቸውን አውርደው አዩ። አንደኛው «ይሄኛው ከበሮ ነው የያዘው» ብሎ ለጓደኛው አሳየው። ጥሩነሽ ዘወር ስትል እኔን አየች፤ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ አውራ ጣቴ ሰማያዊ ሆኖ። ጣቴን ኪሴ ከተትኩት፤ አልረዳኝም።

«የኔ ናቸው» አልኩ።

«ምን ያደርጉልሃል?» አለች ምስር ሻጯ፣ እውነት ማወቅ ፈልጋ።

«ልቀባቸው ነው።»

«ለምን?»

ጥሩነሽ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቃ፣ ከእፍረት የተነሳ ሌላ ሁለት ኪሎ ምስር ገዛች። በር ላይ ስንደርስ «ሰው ፊት አዋረድከኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወታደሮቹን ስንቆጥራቸው አርባ አራት ናቸው። አራቱ የሉም።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ስናገር ድምፄን ዝቅ ባደርግ ደስ ይለኝ ነበር። ጋሽ ሽኩር ከሥራ ስመለስ በእግሬ ኮቴ ያውቁኛል። «ሰዓሊው፣ ልጆቹ እንዴት ሆኑልኝ?» ይላሉ። እውነቱን መናገር በመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን «እያማሩ ነው ጋሼ» አልኩ። በሁለተኛው ቀን ኮታቸው ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ዝናብ ካባራ በኋላ በእንጦጦ በኩል የሚታየውን ሰማይ ይመስላል አልኩ። በሦስተኛው ቀን ነጩን የደረት ማንገቻ፣ በአራተኛው የነሐስ ቁልፎቻቸውን ጨመርኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያዳምጡኛል። እንዴት እንደሚያዳምጡኝ ባያችሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የቀባሁት ሥራ የለም፤ ሁሉንም የቀባሁት በአፌ ነው።

አንድ ቀን «እስቲ አንዱን አምጣልኝ፣ ልዳስሰው» አሉ። ከሁሉ የተሻለውን መርጬ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። በጣታቸው ጫፍ ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። «ምነው፣ ደርቧል እንዴ?» አሉ።

«ብርድ ነው ጋሼ። በክረምት ነው የዘመቱት።»

«እ» አሉና ወታደሩን መለሱልኝ።

ቀጠሮው ቀረበ። ሰፈሩ በሙሉ ለጋሽ ሽኩር ዓይን ሲጸልይ፣ እኔ ምን ስመኝ እንደነበር ልንገራችሁ። ቀጠሮው እንዲተላለፍ እመኝ ነበር። ለትንሽ ጊዜ ብቻ፤ ለሁለት ሳምንት። ሐኪሙ ጉንፋን ቢይዘው ብያለሁ። መብራት ቢጠፋም ብያለሁ። ሐኪም ቤት ጄኔሬተር እንዳለው ሳስታውስ ደግሞ ቅር አለኝ። ፈትያ ደውላ «ተሳክቷል፤ ፋሻው ሲነሳ አየኝ፣ አባዬ አየኝ» ብላ ስታለቅስ፣ ጥሩነሽ እልል አለች፤ እኔም «ተመስገን» አልኩ። ያስተማረኝ ሰው ብርሃን አየ ሲሉኝ የደነገጥኩ ሰው ነኝ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህኛው ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

በማግስቱ ጥሩነሽ ምስር ወጥ ሠርታ ልንጠይቃቸው ሄድን። እሷ ድስቱን፣ እኔ ሣጥኑን ይዘናል። የእኔ ከሷ ይከብዳል። ጋሽ ሽኩር ጥቁር መነጽር አድርገው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ገና እንደገባን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ትክ ብለው አዩኝ።

«አርጅተሃል» አሉኝ ሳቅ ብለው። ከዚያ እጄን ይዘው «ትናንት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከታክሲ ስንወርድ ፈትያ ልትደግፈኝ ስትል ቆይ አልኳት። ቀና ብዬ ከመንገዱ ማዶ አነበብኩ። በዚህ ዓይኔ መጀመሪያ ያነበብኩት የአንተን ሰሌዳ ነው። ማንኛውንም ይላል። እንዴት ያለ ፊደል ነው። እሱን ማስተማሬ አኮራኝ አልኳት» አሉኝ።

ሣጥኑን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

ከፈቱት። አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ሌላውን አነሱ። ሦስተኛውን። ፈትያ በትከሻቸው በኩል አየችና አፏን በሻሿ ያዘች። ጥሩነሽ ምንጣፉን ታያለች።

«ምን አይተው ነው እንዲህ ያፈጠጡት?» አሉ በመጨረሻ።

«ጋሼ፣ አበላሸኋቸው» አልኩ። ያኔ ሁሉም ወጣ። ወረቀቷን አለማንበቤን፣ ፒንሳውን፣ ገበያውን፣ አራቱን የጠፉትን፣ ሰማያዊውንና የነሐስ ቁልፎቹን ሁሉ እንደዋሸሁ ተናገርኩ። መብራት እንዲጠፋ መመኘቴን ግን አልተናገርኩም። እሱን የምነግረው ለእናንተ ብቻ ነው።

«አውቄ ነበር» አሉ። «በጣቴ የዳሰስኩት ቀን አፍንጫ አልነበረውም። ብርድ ስለሆነ ብቻ አፍንጫ አይጠፋም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ። የሚዋሽ ተማሪ ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል። ሽምብራውን የበላውንም እየጠበቅኩት ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። አልተከፈተችም። ይልቅ ፈትያ እንጀራ አቀረበች፤ ጥሩነሽ ወጡን ጨለፈች፤ ከበን ተቀመጥን። ጋሽ ሽኩር የመጀመሪያውን ጠቅልለው «እንካ፣ ጉረስ፤ ይቅር ብያለሁ» ብለው ወደ አፌ ዘረጉ። እንባዬ እየመጣ ጎረስኩ። ነከስኩ። አንድ ነገር ከመንጋጋዬ ሥር ቀጭ አለ።

ገባኝ። ያን ዕለት የተለቀመው ምስር ነው፤ ጣሳ ውስጥ የከረመው። ምላሴ ላይ ባርኔጣው ይታወቀኛል። ታላቅ ሰው ያጎረሰህን መትፋት ነውር ነው። ብውጠው ደግሞ ማንም አያውቅም። ሦስት ሳምንት የኖርኩት እንደዚያ ነበር፤ ማንም አያውቅም እያልኩ። ሁሉም እያዩኝ ጣቴን አፌ ከትቼ አወጣሁት።

ጋሽ ሽኩር ተቀበሉኝ። በሶፍት ጠርገው ወደ መስኮቱ ያዙት። እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ። የበርበሬው ዘይት በኮቱ እጥፋት፣ በማንገቻው ሥር፣ በአንገትጌው ዙሪያ ገብቶ ቀርቷል። ወጣ ወጣ ያለው ግን ጥርት ብሎ ያበራል። ቁልፎቹ ይቆጠራሉ። አፍንጫ አለው። ዓይን ማንም አልቀባለትም፤ ግን ያያል።

«ይሄን ማን ቀባው?» አሉ።

«ጥሩነሽ።»

«እኔ?» አለች ጥሩነሽ።

«ቀይ ኮት» አሉ ጋሽ ሽኩር፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «እንግሊዝ ነው እንግዲህ። ባርኔጣው ትንሽ ይለያል፤ ከምስር ግን ይቀርባል። ፈረንሳዮቹ ጠላት አልነበራቸውም፤ አሁን ተገኘላቸው።» የሣጥኑን ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። አፍጣጮቹን ለራሳቸው አስቀሩ። ያልተቀቡትን አርባ አራቱን ግን በእጃቸው አንስተው እኔን አልፈው ለባለቤቴ ሰጧት።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩነሽ በትንሽ ድስት በርበሬና ዘይት አቁላልታ፣ አራት አራቱን እየነከረች፣ በጨርቅ እየጠረገች ታወጣቸዋለች። ስልክም እያወራች ነው የምትሠራው። የጠፉት ሦስቱ እስካሁን ስላልተገኙ ቤታችን ምስር የሚበላው በዝግታ ነው። ጋሽ ሽኩር ጠረጴዛቸው ላይ አሰልፈዋቸው ይዋጋሉ፤ የእኔዎቹ ሁሌም ይሸነፋሉ። ገና ጦርነቱ ሳይጀመር የደነገጡ ናቸው።

እኔም ይቅር በተባልኩ ማግስት ጠዋት መሰላሌን አውጥቼ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ከሰሌዳዬ ላይ አንዲቷን ቀይ ቃል በነጭ ቀለም አጠፋሁ። ነጩ ቀለም ስስ ስለነበር ከሥር ትታያለች። ጋሽ ሽኩር ከመንገዱ ማዶ ሆነው ያነቧታል።